ስለ ካርቡራተር ታሪክና በቤት ስለሚደረግ ምርመራው

የጥናቱ ምክንያት

ይህን ጥናት እንድናዘጋጅ ያነሣሣን አንድ አሮጌ አውቶሞቢል ነው። አባታችን በሥራ ዘመናቸው የገዙት በ1966 የተሠራ ቮልስዋገን 1300 በግቢያችን ውስጥ ሁለት ክረምት ሳይንቀሳቀስ ቆሞ ነበር። ከመቆሙም በፊት ጠዋት በግድ ይነሣል፤ ጥቁር ጢስ ያወጣል፤ መብራት ላይ ሲያቆሙት ይጠፋል፤ የቤንዚን መስጫውን ሲረግጡትም ወዲያው ከመሮጥ ይልቅ አመንትቶ ይንገጫገጫል። ወደ አንድ ጋራዥ ቢወሰድ «ካርቡራተሩ አልቆለታል፤ ዕቃውም አይገኝም፤ በቁርጥራጭ ብረት ዋጋ ሽጡት» የሚል ምክር ተሰጠ። ገዢም መጥቶ ዋጋ ጠርቶ ሄደ። አባታችን የሽያጩን ነገር ከሳምንት ወደ ሳምንት ሲያስተላልፉት ስላየን፥ ገዢው ተመልሶ ከመምጣቱ በፊት የተባለው እውነት መሆኑን ለማረጋገጥ ተነሣን።

የታሪክ ተማሪዎች እንደ መሆናችን መጀመሪያ የፈለግነው ካቻቢቴ ሳይሆን መጽሐፍ ነበር። ካርቡራተር በአንድ ሰው እጅ በአንድ ቀን የተፈጠረ ዕቃ አይደለም። አንድ ጉድለት በታየ ቁጥር አንድ ቀዳዳ፥ አንድ ቱቦ ወይም አንድ ክዳን እየተጨመረበት አሁን ያለውን መልክ ያገኘ ነው። እንግዲህ እያንዳንዱ ክፍል ለምን እንደ ተጨመረ የተረዳ ሰው፥ ከፊቱ የቆመው ሞተር ሕመም ከየትኛው ክፍል እንደ መጣ መገመት ሊችል ይገባዋል ብለን አሰብን። ይህንኑ አሳብ በዚያው ቮልስዋገን ላይ ፈተንነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ከሚተነው ቤንዚን ወደሚረጨው

ቤንዚን ፈሳሽ እንደ ሆነ አይፈነዳም። ከአየር ጋር መደባለቅ አለበት፤ ልኩም በክብደት ለ1 እጅ ቤንዚን 14.7 እጅ ያህል አየር ነው። የካርቡራተር ታሪክ በሙሉ ይህን ልክ የመጠበቅ ትግል ነው።

ካርል ቤንዝ በ1886 ፓተንቱን ባወጣበት ባለ ሦስት እግር ሠረገላ ላይ የነበረው ዕቃ ነገሩን የሚፈጽመው በጣም በቀላል መንገድ ነበር። አየሩ በተጠራቀመው ነዳጅ ላይ ሲያልፍ የተነነውን ይዞ ወደ ሞተሩ ይገባል፤ ከዚህ የተለየ ነገር የለውም። ችግሩ መጀመሪያ የሚተነው ቀላሉ የነዳጅ ክፍል መሆኑ ነው። ከባዱ ወደ ኋላ ይቀራል፤ ጉዞው በረዘመ መጠን የተረፈው ነዳጅ ለመትነን እየሰነፈ ይሄዳል።

በነሐሴ ወር 1888 ሚስቱ ቤርታ ቤንዝ ለባሏ ሳትነግር ሁለት ወንዶች ልጆቿን አሳፍራ ከማንሃይም እስከ ፕፎርትስሃይም ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ በዚህ ዓይነት ሠረገላ ተጓዘች። በመንገድ ነዳጅ ቢያልቅባት ቪስሎኽ ከተባለች ከተማ መድኃኒት ቤት ገብታ ሊግሮይን የሚባለውን ለማጽጃ የሚሸጥ ፈሳሽ ገዛች። የነዳጁ ቱቦ ሲደፈን በባርኔጣዋ መርፌ ከፈተችው፤ የኤሌክትሪክ ሽቦው መሸፈኛ ሲላላ በካልሲዋ ማሰሪያ ጠቀለለችው። የመጀመሪያው ረጅም የአውቶሞቢል ጉዞ የመጀመሪያው የመንገድ ዳር ጥገና ታሪክ ሆነ ማለት ነው። ካጋጠሟት ችግሮች አንዱ የነዳጅ፥ አንዱ የኤሌክትሪክ መሆኑን አንባቢ ልብ እንዲልልን እንለምናለን፤ ወደ እርሱ እንመለሳለንና።

በ1893 ነገሩ ተለወጠ። በጀርመን አገር ቪልሄልም ማይባኽ፥ በሀንጋሪ ደግሞ ዶናት ባንኪና ያኖሽ ቾንካ ቤንዚኑ በቀጭን ቀዳዳ ተረጭቶ በሚገባው አየር ውስጥ እንዲበተን አደረጉ። ከሁለቱ ወገን ማን እንደ ቀደመ እስከ ዛሬ የየአገሩ ጸሐፊዎች ይከራከራሉ፤ ክርክሩን ለእነርሱ እንተዋለን። የአሠራሩ መሠረት ግን ከሁሉም የቀደመ ነው። ዳንኤል ቤርኑሊ በ1738 እንዳስረዳው ፈሳሽ ፍጥነቱ ሲጨምር ግፊቱ ይቀንሳል። ጣሊያናዊው ጆቫኒ ባቲስታ ቬንቱሪም በ1797 በጠባብ ቱቦ ውስጥ ይህ እንዴት እንደሚሆን አሳየ። በካርቡራተር ጠባብ ጉሮሮ ውስጥ አየሩ ሲሮጥ ግፊቱ ይወድቃል፤ በጎን ባለው ጽዋ ውስጥ ያለው ቤንዚን ደግሞ የውጭው አየር ስለሚጫነው በቀዳዳው በኩል ወደ ጉሮሮው ይገፋል። ይህን የተለካ ቀዳዳ መካኒኮቻችን «ጂግለር» ይሉታል፤ ከፈረንሳይኛ የመጣ ቃል ሲሆን የሚረጭ ማለት ነው። በጽዋው ውስጥ የቤንዚኑን ከፍታ የሚጠብቀው ተንሳፋፊ ነው፤ ቤንዚኑ ሲሞላ ወደ ላይ ይነሣና መግቢያውን በመርፌ ይዘጋል።

ተንሳፋፊ የሚያምነው የመሬትን ስበት ነው። በ1940 በእንግሊዝ ሰማይ ላይ በተደረገው ውጊያ የመርሊን ሞተር የተገጠመላቸው የእንግሊዝ አይሮፕላኖች አፍንጫቸውን በድንገት ወደ ታች ሲደፉ ሞተራቸው ለቅጽበት ይቋረጥ ነበር፤ ቤንዚኑ በጽዋው ውስጥ ቦታውን ስለሚለቅ ነው። ቢያትሪስ ሺሊንግ የተባለች መሐንዲስ በ1941 መካከሏ የተበሳ አንዲት ትንሽ የናስ ቀለበት በቤንዚኑ መስመር ላይ እንድትገባ በማድረግ ችግሩን አቃለለችው። ያን ያህል ትልቅ ሞተር ከያንዳንዱ አይሮፕላን ሳይነቀል በአንዲት ቀለበት መዳኑ፥ በቤታችን ግቢ ከፊታችን ለተቀመጠው ትንሽ ሥራ ድፍረት ሰጥቶናል።

የተጨመሩት መንገዶች

ባለ አንድ ጂግለር ካርቡራተር አንድ ጠባይ አለው። አየሩ ሲፈጥን ቤንዚኑ ከሚገባው በላይ ይከተለዋል፤ ድብልቁም ይወፍራል። ፈረንሳዊው ፍራንሷ ባቬሬ በ1906 ሁለተኛ ጂግለር ጨምሮ ይህን ማረሚያ አገኘ፤ ዜኒት የሚባለው ካርቡራተር የተመሠረተው በዚህ ላይ ነው። ጉዳርና ሜኔሶን የተባሉ ሁለት ፈረንሳዮች ያቋቋሙት የሶሌክስ ካርቡራተር ለዚሁ ሥራ ከቤንዚኑ ጋር አስቀድሞ ጥቂት አየር የሚያደባልቅ ሌላ ጂግለር ይጠቀማል። የአባታችን ቮልስዋገን ላይ ያለው ሶሌክስ 30 ፒክት 1 የተባለው ነው።

ሁለተኛው ጉድለት በዝግታ ላይ የሚታይ ነው። እግር ከመስጫው ሲነሣ የታችኛው ክዳን ስለሚዘጋ በጉሮሮው ውስጥ የሚሮጥ አየር የለም፤ አየር ካልሮጠም ቤንዚን አይሳብም። ስለዚህ ሞተሩ ቆሞ በዝግታ ሲዞር የሚመግበው የተለየ ቀጭን መንገድ ከክዳኑ በታች ተሠራለት። መካኒኮቻችን ይህን ዝግታ በጣሊያንኛ ቃል «ሚኒሞ» ይሉታል። ሦስተኛው ድንገት ሲረግጡት የሚሆነው ነው። አየሩ ቀላል ስለ ሆነ ወዲያው ይገባል፤ ቤንዚኑ ግን ከባድ ስለ ሆነ ይዘገያል፤ በመካከሉ ሞተሩ ይራባል። ለዚህ በእግር መስጫው የምትንቀሳቀስና ጥቂት ቤንዚን ወደ ጉሮሮው የምትረጭ ትንሽ ፓምፕ ተጨመረች። አራተኛው የብርድ ጠዋት ነው፤ ቤንዚን ሲበርደው ስለማይተን አየሩን ከላይ የሚዘጋ ክዳን፥ ማለት ቾክ፥ አስፈለገ።

ይህን ካወቅን በኋላ የመኪናችንን ሕመሞች ለየብቻ መመደብ ቀላል ሆነ። መብራት ላይ መጥፋቱ ከሚኒሞው መንገድ፥ ሲረግጡት ማመንታቱ ከፓምፗ፥ ጠዋት እምቢ ማለቱ ከቾኩ፥ ጥቁር ጢሱ ደግሞ ከዋናው ጂግለር ወይም ከተንሳፋፊው ሊሆን ይችላል አልን። ከሞላ ጎደል ልክ ነበርን። አንድ ትልቅ ነገር ግን ረስተናል።

ሽማግሌው መካኒክ

በሰፈራችን የሚኖሩ ከሥራ ያረፉ አንድ ሽማግሌ መካኒክ አሉ። ስማቸው እንዲጻፍ አልፈቀዱም። ካርቡራተሩን ልንፈታ ኮፈኑን ከፍተን ስንዘጋጅ በበራችን ሲያልፉ አይተውን ገቡና «ምን ልታደርጉ ነው ልጆቼ?» አሉን።

«ካርቡራተሩ ታሟል ጋሼ፤ ልንፈታው ነው።»

«ካርቡራተር ይታማል እንጂ ያን ያህል አይታመምም። በሉ ካንዴላውን አውጡ፤ ፑንቲናውን እዩ።»

እውነትም የቤርታ ቤንዝ ጉዞ እንዳሳየው ሞተር የሚኖረው በነዳጅና በእሳት ነው፤ እኛ ግን ነዳጁን ብቻ ስናነብ ሰንብተናል። አራቱን ካንዴላዎች ብናወጣቸው ጫፋቸው እንደ ምጣድ ጥላሸት የጠቆረ ሆኖ ተገኘ። ጋሼ እንዳስተማሩን ጫፉ የገብስ ቆሎ መልክ ሲይዝ ድብልቁ መልካም ነው፤ ሲጠቁር ቤንዚን በዝቷል፤ ሲነጣ ደግሞ አየር በዝቷልና ሞተሩን ያቃጥላል። ፑንቲናው ሲከፈት 0.4 ሚሊሜትር ክፍተት ሊኖረው ሲገባ የእኛው ሊገጥም ምንም አልቀረውም ነበር። የሚያነሣው ክፍል በመሸራረፉ ክፍተቱ ይጠባል፤ ክፍተቱ ሲጠብ የእሳቱ ሰዓት ወደ ኋላ ይዘገያል፤ ሞተሩም ይደክማል። ፑንቲናውን ለውጠን፥ እሳቱ ፒስተኑ ላይ ከመድረሱ 7.5 ዲግሪ አስቀድሞ እንዲሆን አስተካከልን። ካንዴላዎቹንም አጽድተን ክፍተታቸውን 0.7 ሚሊሜትር አደረግን።

ከዚያ በኋላ ቤንዚኑ ተራው ሆነ። ከታንኩ የቀዳነው ቤንዚን ቀለሙ የጠቆረ፥ ሽታውም ቫርኒሽ የመሰለ ነበር። ሁለት ክረምት በመቆሙ ቀላሉ ክፍል ተንኖ ከባዱ ብቻ ቀርቷል። በ1886 የቤንዝን ሠረገላ ያስቸገረው ጠባይ በእኛም ታንክ ውስጥ ቆይቶ ጠበቀን ማለት ነው። ይህን ሁሉ አፍስሰን አዲስ ሞላን፤ ቱቦዎቹንም ለወጥን። ለቱቦዎቹ የተለየ ምክንያት አለን። በ2008 በአዲስ አበባ በሚሸጠው ቤንዚን ላይ ከፊንጫ ስኳር ፋብሪካ የሚወጣ ኢታኖል ከመቶ 5 እጅ መደባለቅ ተጀመረ፤ በ2011 ወደ 10 እጅ ከፍ አለ። በ1960ዎቹ የተሠራ ላስቲክ ኢታኖልን ታስቦ የተሠራ አይደለም፤ ይደርቃል፥ ይሰነጠቃል። ኢታኖል በታንክ ውስጥ የቆየውን ዝቃጭ እያጠበም ወደ ጂግለሮቹ ያመጣዋል።

አየር የሚያሾልክ ቦታ መኖሩን ለማወቅ ሞተሩ በዝግታ እየዞረ ሳለ በካርቡራተሩ መሠረት ዙሪያ ውኃ ረጨን። አንዳንዶች ለዚህ ቤንዚን ይረጫሉ፤ በሞቀ ሞተር ላይ ቤንዚን መርጨት እሳት መጥራት ስለ ሆነ አንመክርም። ውኃው መሠረቱን ሲነካ የሞተሩ ድምፅ ስለ ተለወጠ ጓርኒሲዮኑ ማሾለኩ ታወቀ፤ ከወፍራም የጓርኒሲዮን ወረቀት በመቀስ ቆርጠን አዲስ ሠራንለት።

ካርቡራተሩ የተፈታው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። በቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነጭ ጨርቅ አንጥፈን፥ የቡናውን ከሰል እናታችን ወደ ጓሮ እንዲወስዱልን ለምነን ጀመርን። የፓምፗ ላስቲክ ደርቆ ተሰንጥቋል። ይህን ሳይፈቱም ማወቅ ይቻል ነበር፤ ሞተሩ ጠፍቶ የአየር ማጣሪያው ሲነሣና የመስጫው ክንድ በእጅ ሲሳብ በጉሮሮው ውስጥ ቀጭን የቤንዚን ፍላጻ መታየት አለበት፤ የእኛው ጠብታ ብቻ ነበር። የሚኒሞው ጂግለር በደረቀ ሙጫ ግማሹ ተደፍኗል። ተንሳፋፊው ደኅና ነው። የታችኛው ክዳን የሚዞርበት ዘንግ በመጠኑ ተበልቶ አየር ያስገባል፤ ይህ ቶርኖ ቤት ሄዶ በአዲስ ቀለበት የሚታደስ ስለ ሆነ ለሌላ ጊዜ አቆየነው።

የዋናው ጂግለር ነገር ግን ሰፋ አድርገን ልንጽፈው የሚገባ ነው።

ከባሕር ጠለል እስከ አዲስ አበባ

በሶሌክስ ጂግለር ላይ የሚቀረጸው ቁጥር የቀዳዳውን ስፋት በሚሊሜትር መቶኛ ይገልጣል። የእኛው 125 ይላል፤ ይህም 1.25 ሚሊሜትር ማለት ነው። ጋሼ ወደ ፀሐይ አንሥተው አዩትና «ሽቦ ገብቶበታል» አሉ። ከመርካቶ ሶማሌ ተራ ያልተነካ 125 ጂግለር ገዝተን፥ ሁለቱን በየተራ ከአንድ ጣሳ ሥር ገጥመን በእኩል ከፍታ እኩል ውኃ ብናፈስባቸው አሮጌው በግልጥ ቀድሞ ጨረሰ። በአንድ ወቅት ያጸዳው ሰው በሽቦ ሲወጋው ናሱን አስፍቶታል። የቤርታ ቤንዝ መርፌ ለቱቦ መልካም ነበር፤ የጂግለር ናስ ግን ከሽቦው የለሰለሰ ስለ ሆነ የሚጸዳው በቤንዚንና በትንፋሽ ብቻ ነው።

ሆኖም አዲሱን 125 ብንገጥመው ጢሱ ቀነሰ እንጂ ካንዴላው ከሳምንት በኋላ አሁንም ጠቆር ብሎ ተገኘ። ምክንያቱን ያገኘነው በከተማችን ከፍታ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ላይ ናት። በዚህ ከፍታ የአንድ ሊትር አየር ክብደት በባሕር ዳር ካለው ከ75 እስከ 79 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ካርቡራተር የሚለካው የአየሩን ሩጫ እንጂ ክብደቱን አይደለም። የሚገባው አየር ክብደት በቀነሰ ጊዜ ቤንዚኑም ይቀንሳል፤ ዳሩ ግን የሚቀንሰው በዚያው ልክ ሳይሆን በልኩ ካሬ ሥር ነው። አስልተን እንዳየነው ለባሕር ዳር የተስተካከለ ካርቡራተር በአዲስ አበባ ድብልቁን ከመቶ ከ12 እስከ 15 እጅ ያወፍረዋል።

በ1907 ከእንግሊዝ አገር የተነሣው ቤድ ቤንትሊ ሲድሊ የተባለውን አውቶሞቢል ለዐፄ ምኒልክ ካመጣ ወዲህ ከባሕር ዳር ወደ ደጋ የወጣው መኪና ሁሉ ይህን ግብር ከፍሏል። ሰው ጥቁሩን ጢስ «የመኪና እርጅና» ይለዋል፤ ብዙ ጊዜ ግን የቦታ ለውጥ ነው። የአይሮፕላን ሠሪዎች ይህን ቀድመው ስለ ተረዱ አብራሪው በእጁ ድብልቁን የሚያቀጥንበት ዘንግ ሰጡት። እንደ እኛው ላለ አውቶሞቢል ነጂ ግን እንዲህ ያለ ዘንግ አልተሰጠውም፤ ያለው አማራጭ ጂግለር መለወጥ ነው።

የቀዳዳው አስተላላፊነት በስፋቱ ካሬ ስለሚሄድ ቤንዚኑን ከመቶ 12 እጅ ለመቀነስ ስፋቱን ከመቶ 6 እጅ ማጥበብ ይበቃል፤ ከ125 ወደ 117.5 ማለት ነው። ይህን ቁጥር ሶማሌ ተራን ሁለት ቅዳሜ ዞረን አላገኘነውም፤ 120 ግን ተገኘ። እርሱን ብንገጥመው ካንዴላው በሁለተኛው ሳምንት የገብስ ቆሎ መልክ ያዘ። ለአባታችንም እንደ ነገርናቸው በከፍታው ምክንያት የቀረው ጉልበት በጂግለር አይመለስም፤ የሚቃጠል አየር ከሌለ ቤንዚን ብቻውን ዳገት አያወጣም።

ሚኒሞውን የመጨረሻ አደረግነው። ሞተሩ በደንብ እንዲሞቅና ቾኩ ሙሉ በሙሉ እንዲከፈት ጠበቅን። የድብልቁን ብሎን ሳናስጨንቅ እስኪነካ ድረስ አጥብቀን አንድ ዙር ተኩል መለስነው። ከዚያም ሞተሩ በጣም እስኪፈጥን ቀስ ብለን እያላላን፥ ጥቂት እስኪወርድ መልሰን እያጠበቅን፥ ከዚያ ሩብ ዙር አላላን። በኃይል ያጠበቀ ሰው የብሎኑን ሾጣጣ ጫፍ ይቆርጣል፤ መቀመጫውንም ያበላሻል። ጋሼ ይህን ሁሉ በጆሯቸው ብቻ ያደርጉታል፤ እኛ ለሦስተኛ ጊዜ ተሳካልን።

ጋሼ ሲሠሩ የሚጠሯቸው ቃላት ራሳቸው ታሪክ ናቸው። ካንዴላ፥ ኮፈን፥ ፍሪሲዮን፥ ማርሽ፥ ጎማ፥ ሚኒሞ፥ ካቻቢቴ፤ ሁሉም ከጣሊያንኛ የመጡ ሲሆን ከኤርትራ በኩልና ከ1936 እስከ 1941 በነበረው ወረራ ጊዜ ከጭነት መኪናዎችና ከጋራዦች ጋር የገቡ ናቸው። ጀርመን የሠራውን መኪና፥ ፈረንሳይ የፈለሰፈውን ካርቡራተር፥ አዲስ አበባ በጣሊያንኛ ስም ትጠግነዋለች። የእነዚህ ቃላት መዝገብ ከሽማግሌዎቹ አፍ ቢሰበሰብ ለአንድ ሌላ ጥናት የሚበቃ ነው። ጊዜውም አጭር ነው። ቮልስዋገን ራሱ በ1967 በቦሽ የተሠራ በኤሌክትሮኒክ ቤንዚን የሚረጭ መሣሪያ በ1600 ሞዴሉ ላይ ገጥሟል፤ ካርቡራተርም ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት ከአዳዲስ መኪናዎች እየወጣ ሄዷል። በአገራችንም በ2024 በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ተከልክሏል።

ገዢው በተባለው ቀን ሲመጣ አባታችን ሞተሩን አስነሥተው፥ በሩን ከፍተው፥ ሰውየውን እስከ ዋናው መንገድ ድረስ በዚያው መኪና ሸኙት። በገና በዓል ሰሞን ቤተ ዘመድ ለመጠየቅ ወደ አዋሽ ወረድን። አዋሽ ከአዲስ አበባ ከ1,400 ሜትር በላይ ዝቅ ያለ ስለ ሆነ በ120 ጂግለር ድብልቁ ቀጠነ፤ ሞተሩም በሙቀቱ ላይ ትንሽ እየተኮሰ አስቸገረ። ያልተነካውን 125 በጨርቅ ቋጥረን በመኪናው ኪስ ይዘን ስለ ነበር ከምሳ በኋላ በዛፍ ጥላ ሥር ለወጥነው፤ አዲስ አበባ ስንመለስም 120ው ተመልሶ ገባ።